የሰፈር እድር በጅማ፦ ከመስከረም እስከ ጳጉሜ ሲመዘን

ጅማ አዲስ ቤት የገባ ሰው ጎረቤት ቡና ሲጠራው ብዙም ሳይቆይ «እድር ገባችሁ ወይ?» ተብሎ ይጠየቃል። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ የሰፈር ኑሮ ዓመቱን ሙሉ የሚዞረው በእድሩ ዙሪያ ነው። አስቸጋሪው ምርጫው ነው። አንዳንዱ ለቤቱ የቀረበውን ይገባል፣ አንዳንዱ ለሐዘንተኛ ብዙ ብር የሚሰጠውን አፈላልጎ ይመዘገባል። በመንደራ፣ በጊንጆ፣ በቦሳ ቂጦና በሂርማታ በኩል ያሉትን እድሮች አሠራር ለሚያውቅ ሰው ግን ሁለቱም መመዘኛ አያስኬድም። ብሩ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ከቀብር በኋላ ነው። ቤተሰቡን ከጭንቀት የሚያወጣው በመጀመሪያዎቹ ሦስትና አራት ሰዓታት የሚደርሰው ሰው፣ ድንኳን፣ ወንበርና ውሃ ነው። ይህን ደግሞ የሚወስነው እቃ ቤቱና እቃ ቤቱን የያዘው ሰው ነው። ስለዚህ እድር የሚመርጥ ሰው መተዳደሪያ ደንቡን ከማንበቡ በፊት እቃ ቤቱን ከፍተው እንዲያሳዩት ይጠይቅ።

ከድንኳኑ እንጀምር። ጅማ ላይ ዝናብ ከመጋቢት ገደማ ጀምሮ እስከ ጥቅምት አይለቅም፤ ክረምቱ ሲበረታማ ከሰዓት በኋላ የሚወርደው ዶፍ ነው። እዚህ ከተማ ድንኳን የሚፈተነው በውሃ ነው። ስድስት በአሥር ሜትር የሆነ ድንኳን 60 ካሬ ይሸፍናል። 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ከጣለበት 1,200 ሊትር ውሃ አረፈበት ማለት ነው፤ ስድስት በርሜል ሙሉ። ያ ውሃ በጊዜው ወደ ጎን ካልወረደ ሸራው ላይ ይቋጠራል። ሦስት ካሬ በምታህል ቦታ አምስት ሴንቲ ሜትር ውሃ ከተጠራቀመ 150 ኪሎ ይመዝናል። ቋሚ ብረት የሚያጎብጠው፣ ስፌት የሚተረትረው፣ አንዳንዴም በለቅሶ መሐል ሰው ላይ የሚፈሰው እሱ ነው።

መከላከያው ውድ አይደለም። የጎኑ ቋሚ ሁለት ሜትር ከሆነ የመካከሉ ቢያንስ ሦስት ሜትር መሆን አለበት፤ ከዚያ ካነሰ ጣሪያው ሜዳ ይሆንና ውሃ ይይዛል። ብዙ እድሮች ከዓመታት በፊት የተሰበረውን የመካከል ቋሚ አሳጥረው በብየዳ እየጠገኑ ይጠቀማሉ፤ ድንኳኑ የተበላሸው ያን ቀን ነው። ገመዱም ይታይ። የናይለን ገመድ ሲርስ ይረግባል፣ ስለዚህ ዝናቡ እንደጀመረ አንድ ሰው ዞሮ ማጥበቅ አለበት። የቃጫ ገመድ ደግሞ ሲርስ ይከረራል፣ ቀድሞ ካልላላ ካስማውን ይነቅላል። ሁለቱን ደባልቆ የወጠረ እድር በአንድ በኩል ረግቦ በሌላው የተከረረ ድንኳን ይዞ ያድራል። ካስማው 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ቢሆን፣ ራሱ ከድንኳኑ ወደ ውጭ ዘንበል ብሎ ቢመታ፣ የረጠበው የጅማ ቀይ አፈር ይይዘዋል። አንድ ክንድ የማይሞላ ካስማ በበጋ ያገለግላል፣ ሐምሌ ላይ ግን በእጅ ይነቀላል።

ድንኳን ሲተከል በዙሪያው አንድ ስንዝር ጥልቀት ያለው ቦይ መቆፈር አለበት፤ መውጫው ደግሞ ወደ ጎረቤት በር ሳይሆን ወደ ጎርፍ መሄጃው ይሁን። ይህ ባለመደረጉ ስንት ጎረቤት ተቀያይሟል። ውስጡን ጭቃ እንዳይሆን ሰጋቱራ መበተን ነው። ጅማ የእንጨት ሥራ ከተማ ናት፤ አናጺ ቤት ሄዶ አራት አምስት ማዳበሪያ ሰጋቱራ ማምጣት ከባድ አይደለም። ጎበዝ ንብረት ያዥ ክረምት ሳይገባ ሞልቶ ያስቀምጠዋል፤ በዝናብ ቀን ከደጅ የሚመጣው ሰጋቱራ ራሱ የራሰ ነውና ውሃ አይመጥም።

ሸራው ሁለት ዓይነት ነው። የድሮው የጥጥ ሸራ አየር ያስገባል፣ ቀን ሲሞቅ አያፍንም፤ ነገር ግን ረጥቦ ከታጠፈ በጥቂት ቀን ውስጥ ይሻግታል፣ ከዚያ ክሩ ይበሰብሳል። ላስቲክ የተቀባው ደግሞ አይበሰብስም፤ የሚጎዳው ሁልጊዜ በአንድ መስመር ሲታጠፍ ነው፤ እጥፋቱ ላይ ይሰነጠቅና ከዚያ ያፈሳል። እቃ ቤት የገባ ሰው ሸራውን ገልጦ ያሽትት። የሻጋታ ሽታ ካለው ስፌቱን በሁለት አውራ ጣት ግራና ቀኝ ይጎትት፤ ክሩ ጠስ ጠስ ካለ ያ ድንኳን የሚቀጥለውን ክረምት አያልፍም። ሸራው የተቀመጠው መሬት ላይ ነው ወይስ በእንጨት ርብራብ ላይ? ጣሪያው ሥር የማስጫ ሽቦ አለ? ጅማ ላይ በነሐሴ ተከታታይ ቀን ፀሐይ ላይወጣ ስለሚችል ከጣሪያ በታች የማስጫ ቦታ የሌለው እቃ ቤት፣ ውስጡ ምንም ቢሞላ፣ ግማሽ እቃ ቤት ነው።

አግዳሚ ወንበሮቹን በተመለከተ፣ ሁለት ሜትር ተኩል ርዝመት ያለው አምስት ሰው ያስቀምጣል፤ 30 አግዳሚ ለ150 ሰው ይበቃል። ከእርጥብ ባሕር ዛፍ የተሠራ በዓመቱ ይጣመማል፣ ምስማሩም ይላላል። በደረቀ እንጨትና በብሎን የታሰረ ግን ይቆያል። የፕላስቲክ ወንበር ለመሸከም ይቀላል፤ ጭቃ ላይ ግን እግሩ ይሰምጣል፣ ከባድ ሰው ሲቀመጥበትም ይሰነጠቃል። ለሽማግሌዎች መደገፊያ ያላቸው ጥቂት ወንበሮች ለብቻ የሚያስቀምጥ እድር አስተዋይ ነው።

ወጥ ቤቱ ከድንኳኑ ያልተናነሰ ትኩረት ይፈልጋል፤ ብዙ ጊዜ ግን የሚመዘነው በድስት ብዛት ብቻ ነው። ጅማ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ እድር የሚኖርባት ከተማ ናት፤ አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላም። እዚህ ላይ ግልጽ ደንብ የሌለው እድር አንድ ቀን ይቸገራል። የተሻለ ሆኖ የሚታየው አሠራር በእድሩ ድስት ሥጋ ጨርሶ እንዳይሠራ መከልከል ነው፤ ለለቅሶ ቤት ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመንና ንፍሮ ማንንም አያስቀይምም፣ ጾምም አይገድበውም። ሥጋ የሚፈቅዱ እድሮች ድስቶቹን በቀለም ለይተው እጀታው ላይ ምልክት ያደርጋሉ። ያም ይሠራል፤ ግን ጭልፋና ማማሰያ መለየቱ ይረሳል፣ ቅሬታ የሚነሳውም ከዚያ ነው።

ንፍሮ የራሱ ጣጣ አለው። ለመቶ ሰው አሥራ ሁለት ኪሎ ያህል ደረቅ ስንዴና ባቄላ ይበቃል፤ ሲቀቀል ያብጣል። ያልተዘፈዘፈ እህል ግን እሳት ላይ ሦስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ይፈጃል። ጠዋት ተረድቶ ከሰዓት በፊት የሚቀበር ከሆነ ንፍሮው የሚደርሰው ሰው ከተበተነ በኋላ ነው። ልምድ ያላቸው የሴቶች ምድብ ኃላፊዎች በመጀመሪያው ሰዓት ዳቦና ቆሎ አስቀርበው፣ እህሉን በሞቀ ውሃ ዘፍዝፈው ለማታው ያደርሱታል። ባቄላው ከስንዴው ዘግይቶ ስለሚበስል ቀድሞ ይጣዳል፤ አንድ ላይ የተጣደ ንፍሮ ስንዴው ፈንድቶ ባቄላው እንደ ጠጠር ይቀራል። ለቡና አንድ ኪሎ ለመቶ ስኒ አቦል የሚሆን ነው፤ ቶናውን ጨምሮ ለዋለ ለቅሶ ቤት ቢያንስ ሁለት ኪሎ ይያዝ። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ውሃ ነው። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፣ እድሩ 20 ሊትር የሚይዙ አሥር ጀሪካኖችና አንድ በርሜል ከሌለው ወጥ ቤቱ ሥራ አይጀምርም።

የሙስሊም አባል ሲያርፍ ቀብሩ በዚያው ቀን ነው። ጎሕ ሲቀድ ካረፈ ከዙህር ሶላት በኋላ የጀናዛ ሶላት ተሰግዶ ይቀበራል። ስለዚህ ቀድሞ መድረስ ያለበት ድንኳኑ አይደለም። ለእጥበቱ ውሃ፣ ከፈን፣ ጀናዛ መሸከሚያው ቃሬዛ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ደግሞ ቆፋሪዎቹ ናቸው። የክርስቲያን ቀብር ዘመድ ከሩቅ እስኪደርስ ስለሚጠበቅ ወደ ማግስቱ ሊሻገር ይችላል፤ ሳጥን፣ ፍትሐት፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጋር የቦታ ጉዳይ መጨረስ ይኖራል። ሁለቱን በአንድ ቅደም ተከተል የሚያስኬድ እድር አንዱን መበደሉ አይቀርም። ዶማ፣ አካፋና ባልዲ በተለየ ሳጥን ተቆልፎ፣ ቁልፉ ከሁለት ሰው ዘንድ መገኘት አለበት። ባልዲው ለክረምት ነው፤ በዝቅተኛው የከተማ ክፍል ጉድጓዱ ተቆፍሮ ሳያልቅ ውሃ ያቁራል። ቆፋሪዎቹ ላስቲክ ይዘው ሄደው አፉን ሸፍነው፣ ዳር ዳሩን ቦይ ካላወጡለት አስከሬኑ ሲደርስ ሁሉም ቆሞ ውሃ ሲቀዳ ያያል። ይህን ለቤተሰብ ማሳየት ከባድ ጥፋት ነው።

ሌላው በጅማ ጠንከር ብሎ የሚመጣ ጉዳይ የእንግዳ ሞት ነው። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ከከፋ፣ ከዳውሮ፣ ከኢሉ አባቦራ ሕመምተኛ ይቀበላል፤ ያ ሕመምተኛና አስታማሚው ደግሞ ጅማ ያለ ዘመድ ቤት ያርፋሉ። እንግዳው ቢያርፍ እድሩ ምን ያደርጋል? አንዳንዱ ደንብ ዝም ይላል፤ ዝም ያለ ደንብ በዚያች ሰዓት ክርክር ይሆናል። ጥሩዎቹ «በአባል ቤት ያረፈ እንግዳ ድንኳንና ወንበር ያገኛል፣ ብር ግን አይከፈልም» ብለው ጽፈውታል። አስከሬን ከሆስፒታል ለማውጣት መታወቂያ ይዞ ወረቀቱን የሚጨርስ አንድ ሰው በስም መመደቡም ቤተሰቡን ትልቅ ሸክም ያቃልልለታል።

የጥሪው ነገር አሁን ሁለት መልክ ይዟል። ቴሌግራም ቡድን ያላቸው እድሮች በአምስት ደቂቃ ለሁሉም ያደርሳሉ፤ ጡሩምባ የሚነፉት ደግሞ በንጋት ሰፈሩን ያነቃሉ። ስልክ የማይጠቀሙ አዛውንቶች ባሉበት ሰፈር ጡሩምባውን ያስቀረ እድር ዋነኞቹን ቀባሪዎች አስቀርቷል። ጡሩምባ ብቻ የያዘውም ፈረንጅ አራዳ ወይም መርካቶ ሱቁ የዋለውን አባል አያገኝም። ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ለፋፊው የሚለው ነገር ደግሞ ሙሉ ይሁን፦ «የአቶ እገሌ ባለቤት አርፈዋል፤ ቀብር ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት፣ ቦታው እዚህ ቤተ ክርስቲያን፤ የዛሬ ቆፋሪ ሦስተኛው ምድብ፣ ድንኳን ተካይ አራተኛው።» ይህንኑ በአፋን ኦሮሞ መድገም አለበት። ምድቡ ሳይጠቀስ የቀረ ጥሪ ሁሉም ሰው መጥቶ ማንም አካፋ የማያነሳበት ቀን ያመጣል።

ዓመቱ ሲዞር የእድሩ ጥንካሬና ድካም በየወሩ ይለያያል። መስከረም ላይ መዋጮ ይዘገያል፤ የልጆች ምዝገባ፣ ደብተርና ዩኒፎርም ቤቱን አራቁቶታል። ጥቅምት ተጋምሶ ቡና መለቀም ሲጀምር ገንዘብ ይገባል፤ እስከ ታኅሣሥ ያለው ጊዜ ውዝፍ የሚሰበሰብበት ነው። በዚያው ልክ ግን ለለቀማ ገጠር የሚወርደው አባል ስለሚበዛ የቀብር ምድቦች ይሳሳሉ፤ ጎበዝ ጸሐፊ ምድቡን ለእነዚህ ወራት እንደገና ያዋቅራል። ኅዳር 12 ሰፈሩ ይጸዳል፣ ቆሻሻ ተሰብስቦ ይቃጠላል፤ በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ከጨረሰው ሕዝብ የተረፈ ልማድ ነው። ያን ቀን እቃ ቤቱን ወደ ደጅ አውጥቶ ፀሐይ የሚያስመታ እድር ክረምቱ ያደረሰውን ጉዳት በዓይኑ ያያል፣ ለጥገናም ጊዜ ያገኛል።

ጥርና ከፋሲካ በኋላ ያሉት ሳምንታት የሠርግ ወቅት ናቸው፤ የእድር ትልቁ ፈተናም ይኸው ነው። ድንኳኑን ለሠርግ ማከራየት ጥሩ ገቢ ነው፣ ማንም አይጠላውም። ቅዳሜ ድንኳኑ ሠርግ ቤት ተተክሎ ሌሊት አባል ካረፈ ግን ሙሽራ የተቀመጠበትን ድንኳን ማን ይነቅላል? ምንም ኪራይ ቢቀርብ የማይወጣ አንድ ድንኳን፣ 15 አግዳሚና አንድ ሙሉ የወጥ ቤት እቃ እቃ ቤት መቅረት አለበት። ሁለት ድንኳን ሳይኖረው የሚያከራይ እድር ውስጥ አለመግባት ይመከራል። ለሚከራየው እቃ ደግሞ መያዣ ገንዘብ ይያዝ፣ ሲወጣና ሲመለስ በቁጥር ተፈራርሞ ይሁን። ማንኪያና ስኒ የሚያልቀው በለቅሶ አይደለም፣ በሠርግ ነው። ሰም የነካው፣ ጠላና ወጥ የፈሰሰበት ሸራ ሳይታጠብ ከታጠፈ ደግሞ አይጥ ይጠራል፤ አይጥ የበላችው ቀዳዳ ሁልጊዜ እጥፋቱ ላይ ስለሆነ ሲዘረጋ በአንድ መስመር አሥር ቦታ ተበስቶ ይገኛል።

በዓቢይ ጾም 55 ቀናት ወጥ ቤቱ ይቀለዋል። ረመዳን ሲገባ ቀን ቡና ማዞር ለጾመኛው ጎረቤት ስለሚከብድ ብዙ እድሮች የለቅሶ ቤቱን መስተንግዶ ወደ ምሽት ያሸጋግሩታል፤ ቴምር፣ ውሃና ሾርባ ለማፍጠሪያ ሰዓት ተዘጋጅቶ ክርስቲያኖቹ ሴቶች ሲያቀርቡ ማየት የተለመደ ነው፣ የሚያኮራም ነው። ሰኔ ላይ ሒሳብ ዘግቶ ጠቅላላ ጉባኤ መጥራት ይሻላል፤ ሐምሌና ነሐሴ ሰው በዝናብ ምክንያት አይሟላም፣ ያልተሟላ ጉባኤ የወሰነው መዋጮም ዓመቱን ሙሉ ሲያከራክር ይኖራል።

ገንዘቡን በቁጥር እንየው። አባላቱ 150፣ ወርሃዊ መዋጮው 50 ብር ነው እንበል፤ በወር 7,500፣ በዓመት 90,000 ብር ይገባል። ለአንድ ሞት 10,000 ብር የሚከፍል ከሆነ ዘጠኝ ክፍያ ካዝናውን ባዶ ያደርገዋል፤ ጥገና፣ የለፋፊና የጥበቃ ደመወዝ ሳይቆጠር። አሁን ደንቡ ማንን እንደሚያካትት ይታይ። ባል፣ ሚስትና ልጆች ብቻ ከሆኑ አንድ ነገር ነው፤ የሁለቱም ወገን ወላጆች፣ እህትና ወንድም ሲጨመሩ በአንድ አባል ስም የተመዘገበው ሰው ከአሥር ይበልጣል፣ ከ1,500 በላይ ሰው ማለት ነው። ብዙ እድር የሚደኸየው በሌብነት ሳይሆን ዝርዝሩ በመስፋቱ ነው። የሚያዋጣው ክፍያውን በደረጃ መከፋፈል ነው፦ ለባልና ሚስት ሙሉ፣ ለልጅና ለወላጅ ግማሽ፣ ለእህትና ወንድም እቃና ሰው ብቻ። ገንዘቡ በባንክ በሦስት ፈራሚ ይቀመጥ፤ ከዚያ ውጭ ለድንገተኛ ወጪ ትንሽ ጥሬ ገንዘብ ከገንዘብ ያዡ እጅ አይጥፋ፤ ሞት ቀን አይመርጥም፣ ባንክ ግን እሑድ ይዘጋል።

ቅጣቱ ላይ ልዩነቱ ሰፊ ነው። በቀብር ስም ጥሪ ያልተገኘ ይቀጣል፤ ተገቢ ነው። ግን ሐሙስ ገበያ የምትውል ነጋዴ፣ የሌሊት ተረኛ ነርስና ባጃጅ ሹፌር በየወሩ እየተቀጡ ከወጡ እድሩ ሠርቶ አዳሪውን ያጣል። ከባልና ሚስት አንዳቸው ከተገኙ የሚበቃው፣ ቀብር ያመለጠው አባል ማታ ለቅሶ ቤት በማምሸት ወይም እቃ በማስመለስ እንዲያካክስ የሚፈቅደው እድር ሰው አይሸሸውም።

የመግቢያ ክፍያ ሲጠየቅ ሒሳቡ ይጠየቅ። የእድሩ ንብረት ግምት 300,000፣ ባንክ ያለው 120,000 ከሆነ ድምሩ ለ150 ሲካፈል የአንዱ ድርሻ 2,800 ብር ነው፤ አዲስ ገቢ ከዚያ ብዙ የራቀ ከተጠየቀ ምክንያቱ ይነገረው። በሁለት በሦስት ጊዜ እንዲከፈል የሚፈቅዱ አሉ። አዲስ ገቢ ተጠቃሚ ከመሆኑ በፊት የሚቆይበት የጥበቃ ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ ሦስት ወር፣ የሚመለከተው ብሩን ብቻ ነው ወይስ ድንኳኑንም? ይህ በጽሑፍ ይታይ። ለመመዝገብ ጥር አመቺ ወር ነው፤ ውዝፉ ተሰብስቦ መዝገቡ የጠራበት፣ እቃው የተጠገነበት ጊዜ ስለሆነ እድሩን በትክክለኛ መልኩ ማየት ይቻላል። ቅጹ ላይ የቤተሰብ ስም ሲሞላ በመታወቂያ ላይ እንዳለው ይጻፍ፣ የቤት መጠሪያ ስምም ከጎኑ ይግባ፤ ጅማ ውስጥ አንዲት እናት በሰፈር በአንድ ስም፣ በመዝገብ በሌላ ስም መታወቃቸው የተለመደ ነውና ክፍያ ሲዘገይ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይህ ነው። ልጅ ሲወለድ ወይም ወላጅ ከገጠር መጥተው ቤት ሲገቡ በ30 ቀን ውስጥ ማስመዝገብና ጸሐፊው የፈረመበትን ቅጂ መያዝ ይገባል።